የተከለከለ ቪዛ፣ የይግባኝ ቀነ ገደብና የአጥቢያችን ማኅተም

(በወላይታ ሶዶ ኦቶና ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ በኮሚሽኑ የፕሮጀክት ባለሙያ የሆኑ ዲያቆን ያቀረቡት ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ቪዛ ክልከላና ስለ ይግባኝ እንድንናገር ስንጠየቅ መጀመሪያ አመንትተን ነበር። እኛ የውኃ ጉድጓድና የምርጥ ዘር ጉዳይ ስናቀርብ ነው የምታውቁን፤ ይህ ደግሞ የጠበቃ ሥራ ነው ብለን አሰብን። ነገር ግን ወደ አጥቢያ ጽሕፈት ቤት ለምስክር ወረቀት ከሚመጡት ምእመናን ስንቱ ለቪዛ ብሎ እንደሚመጣ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የጥምቀት ምስክር፣ የጋብቻ ምስክር፣ «በአጥቢያችን የታወቁ ናቸው» የሚል ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ቪዛው ሲከለከል ደግሞ ሰውየው ወደ ጠበቃ አይሄድም፤ ጠበቃ የለውምና። ወደ ንስሓ አባቱ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ግን ከንስሓ አባቱ ቀድሞ ደላላው ይደርሳል።

ደላላው ሲደርስ ምን እንደሚከተል በ2015 ዓ.ም. አይተናል። በጥቅምት ወር በሰሜን ማላዊ፣ ምዚምባ በተባለ አውራጃ፣ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አልቀሩም የተባሉ ከ25 የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ጉድጓድ ተቀብረው ተገኙ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ደግሞ በዛምቢያ፣ ከሉሳካ ወጣ ባለ መንገድ ዳር፣ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ተገኘ፤ እነርሱንም የአገሩ ፖሊስ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም አለ። እነዚያ ሁሉ ቪዛ ጠይቀው የተከለከሉ ናቸው ማለታችን አይደለም። ሆኖም «በሕጉ በር ተዘግቷል» ብሎ ያመነ ወጣት የሞያሌውን መንገድ ለመስማት ጆሮው የተከፈተ ነው። በሩ በእርግጥ ተዘግቶ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚነግረው ደግሞ በእጁ የያዘው የክልከላ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውን ግን አያነበውም።

እንግዲህ ከደብዳቤው እንጀምር። እያንዳንዱ አገር የራሱ ሥርዐት አለው፤ ለአንዱ የሠራው ለሌላው አይሠራም። «ይግባኝ» እያልን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር በውስጡ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል። አንደኛው እውነተኛ ይግባኝ ነው፤ ዳኛ ወይም ራሱን የቻለ ጉባኤ ጉዳዩን እንደገና ሰምቶ ይወስናል። ሁለተኛው የውሳኔውን ሕጋዊነት ብቻ ማስመርመር ነው፤ በዚህ ጊዜ ዳኛው «ቪዛ ይገባዋል» አይልም፤ መኮንኑ በሕጉ መሠረት ሠርቶ እንደሆነ ብቻ ያያል፤ አዲስ ማስረጃም በአብዛኛው አይቀበልም። ሦስተኛው ምንም ይግባኝ የሌለበት ነው፤ የቀረው አዲስ ማመልከቻ ብቻ ይሆናል። ደላላ ከሁሉ አብልጦ «ይግባኝ» የሚሸጠው በዚህ በሦስተኛው ላይ መሆኑን ልብ በሉልን።

የአሜሪካንን እንይ። ለጉብኝት ወይም ለትምህርት ያመለከተ ሰው በአንቀጽ 214(ለ) ሲከለከል ደብዳቤው ይግባኝ እንደሌለው በግልጽ ይነግረዋል። ሁኔታው ሲለወጥ ክፍያውን ደግሞ ከፍሎ እንደገና ማመልከት ይችላል፤ ሌላ መንገድ የለም። በአንጻሩ በአንቀጽ 221(ሰ) የተጻፈ ደብዳቤ ከሆነ ፋይሉ ገና አልሞተም፤ የጎደለውን ሰነድ በ1 ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይቻላል፤ ዓመቱ ካለፈ ግን ከመጀመሪያው መጀመር ግድ ነው። ሁለቱን ደብዳቤዎች ለይቶ ባለማወቅ የሚጎዳ ሰው ብዙ ነው፤ አንዱ በከንቱ ሲከራከር ሌላው ሰነድ እያለው ዓመቱ ያልፍበታል። በሌላ በኩል አሜሪካ ያለ ዘመድ ለቤተሰቡ ያቀረበው የመጀመሪያ ጥያቄ እዚያው አገር ውስጥ ውድቅ ከሆነ ጠያቂው በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ የሚልበት መንገድ አለ። ቆንስላው በሚሰጠው የቪዛ ውሳኔ ላይ ግን የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች እጃቸውን ለማስገባት እምብዛም አይፈቅዱም፤ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2024 እ.ኤ.አ. አንዲት አሜሪካዊት ስለ ባሏ ቪዛ ባቀረበችው ጉዳይ ይህንኑ አጽንቶታል።

በአውሮፓ፣ ሼንገን በሚባለው ማኅበር፣ ነገሩ ሌላ ነው። የማኅበሩ የቪዛ ሕግ በ32ኛው አንቀጹ የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠውና ይግባኝ የማለት መብት እንዲኖረው ያዝዛል። በዲሴምበር 2017 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት አንድ ሞሮኳዊ ከፖላንድ ጋር በተከራከረበት ጉዳይ ይግባኙ በአንድ ደረጃ የግድ ዳኛ ፊት መድረስ አለበት ብሎ ወሰነ። የቀኑ ቁጥርና የሚቀርብበት ቦታ ግን የየአገሩ ነው። ለስዊድን 3 ሳምንት፤ ለፈረንሳይ 30 ቀን፤ ለጣሊያን ሮም ላለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት 60 ቀን ነው። ጀርመን ከጁላይ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤምባሲው ይቀርብ የነበረውን የቅሬታ ደብዳቤ አስቀርታለች፤ አሁን ያለው በ1 ወር ውስጥ በበርሊን የአስተዳደር ፍርድ ቤት ክስ መመሥረት ብቻ ነው። ይህን አጥብቀን የምንናገረው «ለኤምባሲው ቅሬታ ጻፍ፣ ዓመት አለህ» የሚል የቀድሞ ምክር ዛሬም ከሰው ወደ ሰው ስለሚተላለፍ ነው። እኛ የምንነግራችሁም ነገ ሊለወጥ ይችላል፤ የሚጸናው ደብዳቤው ግርጌ ላይ የታተመው ነው።

ስለ ኢትዮጵያውያን ለብቻው የወጣ ነገርም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. በወሰነው መሠረት ለእኛ ዜጎች የቪዛ ጥያቄ መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ የሰነድ ማቅለያም ቀርቷል። ለጉባኤ ወይም ለሥልጠና የተጋበዘ አገልጋይ የግብዣ ደብዳቤው በእጁ ከገባ ዕለት ጀምሮ ይህን ማስላት አለበት። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማስገባት ይፈቀዳል። እንዲህ ላለው ጉዞ ይግባኝ ማለት ብዙም አይረባም፤ ዳኛው ሲወስን ጉባኤው ካለቀ ወራት አልፈዋል። የቀድሞ ክልከላ በራሱ አዲሱን ማመልከቻ ስለማይጥል የጎደለውን አሟልቶ እንደገና ማመልከት ይሻላል ባዮች ነን።

እንግሊዝም ለጎብኚ ይግባኝ አትሰጥም፤ ዘመድ ለመጠየቅ ለሚሄዱት የነበረውን ከጁን 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንሥታለች። ለባልና ሚስት፣ ለልጅ ያለው ግን አለ፤ ከአገር ውጭ ያለ ሰው ውሳኔው በደረሰው በ28 ቀን ውስጥ ለልዩ ፍርድ ቤቱ ያቀርባል። ተማሪም በዚያው በ28 ቀን ውስጥ ውሳኔው በሌላ መኮንን እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል።

ካናዳን በመጨረሻ ያስቀመጥነው የራሳችን ታሪክ ስላለበት ነው። በአንድ አጥቢያ የጽሕፈት አገልግሎት እንሰጥ በነበረበት ጊዜ አንዲት እኅት የጋብቻ ምስክር በእንግሊዝኛ እንዲጻፍላት ጠየቀች። ጋብቻዋ በኅዳር 7 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በዕለተ እሑድ፣ በቅዱስ ቁርባን የተፈጸመ ነው። ባሏ የካናዳ ነዋሪ ነበር፤ ጥር ላይ ተመልሶ ሄዷል። እኛ በችኮላ 2007 ላይ 8 ደምረን «ኖቬምበር 16 ቀን 2015» ብለን ጻፍን። መደመር የነበረበት 7 ነው፤ ትክክለኛው ኖቬምበር 16 ቀን 2014 ነበር። አስተዳዳሪው አምነውን ፈረሙ፤ ማኅተሙ አረፈበት።

ባልየው በሞላው ቅጽ ላይ 2014 ይላል፤ የቤተ ክርስቲያን ወረቀት 2015 ይላል። ፓስፖርቱ ደግሞ በጃንዋሪ 2015 ከኢትዮጵያ መውጣቱን ያሳያል። ስለዚህ በእኛ ወረቀት መሠረት ይህ ሰው ያገባው አገር ውስጥ በሌለበት ቀን ነው። ጋብቻው እውነተኛ አይደለም ተብሎ ተከለከለች።

እኅታችን ደብዳቤውን ሣጥን ውስጥ ከታ 3 ሳምንት አለቀሰች። ይግባኙ የእርሷ መስሏት አዲስ አበባ የምትሄድበትን ገንዘብ ታጠራቅም ነበር። የካናዳ ሕግ ግን በቤተሰብ ጉዳይ ይግባኝ ባዩ ስፖንሰሩ ነው ይላል፤ እዚያ ያለው ባልዋ ማለት ነው። የክልከላው ምክንያት በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ይግባኝ ጉባኤ ማስታወቂያ ማስገባት ነበረበት። እርሱም የእርሷን እርምጃ ይጠብቅ ነበር። ነገሩ ወደ እኛ የመጣው 24ኛው ቀን ላይ ነው። ያዳናቸው አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የሚገባው አጭር የይግባኝ ማስታወቂያና የክልከላው ደብዳቤ ቅጂ ብቻ ነው፤ ማስረጃው በኋላ ይከተላል። ማስረጃ ሁሉ እስኪሟላ ቢጠብቁ ኖሮ ቀኑ ባለፈ ነበር። ማስታወቂያው በ28ኛው ቀን ገባ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ከእናንተ አጥቢያ ሥራ ጋር ይገናኛል። የመዝገቡን ገጽ እንዳለ ፎቶ ኮፒ አደረግን፤ የቀደመውን ወረቀት አልቀደድንም፣ በአዲስም አልተካነውም። አስተዳዳሪው «የቀን አቆጣጠር ስንመልስ የፈጸምነው ስሕተት ነው፤ መዝገቡ ይህ ነው፤ ስሌቱም ይህ ነው» ብለው በግልጽ ጻፉ። የሰርጉ ፎቶግራፍ፣ የሐዋላ ደረሰኝና የስልክ ልውውጥ ተጨመረ። ይህ የይግባኝ ጉባኤ አዲስ ማስረጃ ይቀበላል፤ እርሷም ከዚሁ ሆና በስልክ ቃልዋን ሰጠች። ይግባኙ ተፈቀደ። ይግባኝ ተፈቀደ ማለት ግን ቪዛ ተሰጠ ማለት አይደለም፤ ፋይሉ ወደ ቪዛ ቢሮው ይመለሳል፤ የሕክምናውና የፖሊሱ ማስረጃ እንደገና ይጠየቃል። ከክልከላው እስከ ጉዞው ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ስትሰናበተን «ዲያቆን፣ አንዲት ቁጥር ነበረች እኮ» ብላ ፈገግ አለች። መልስ አልነበረንም።

አባቶቻችን እንደሚያውቁት በቁጥሩ ጉዳይ የባሕረ ሐሳብ ልጆች ልናፍር ይገባል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ያለው ልዩነት 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ይህ ብቻ አይደለም። ዘመነ ሉቃስ በጳጉሜን 6 ሲፈጸም የዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ ስለዚህ እስከ የካቲት 21 ድረስ እያንዳንዱ ቀን በአንድ ይገፋል። በ1992 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት የተወለደ ልጅ በእነርሱ አቆጣጠር የተወለደው ጃንዋሪ 20 ቀን 2000 ነው እንጂ 19 አይደለም። የአንድ ቀን ልዩነት ለእኛ ምንም ነው፤ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ለሚያነብ መኮንን ግን ጥያቄ ነው።

ሌላም አለ። የጥምቀት መዝገባችን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ክርስትና የተነሣበትን ቀን ነው፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን። ጸሓፊው ይህን «የልደት ቀን» ብሎ ከተረጎመው ልጁ ከወሳኝ ኩነት ወረቀቱ 40 ወይም 80 ቀን ዘግይቶ የተወለደ ይመስላል። ሁለቱን ቀኖች ለየብቻ ጻፉ፤ የልደቱ ቀን መዝገቡ ላይ ከሌለ «አልተመዘገበም» በሉ። የክርስትና ስሙና የፓስፖርት ስሙ የአንድ ሰው መሆናቸውንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ግለጹ። ወለተ ማርያም በፓስፖርቱ ላይ እንደማትገኝ የውጭ አገር ሰው ከየት ያውቃል? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን በአዲሱ ሥርዐት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደ ሰው የዘመኑ ምስክር ሆኖ የተገኘው የእናንተ መዝገብ ብቻ ሊሆን ይችላልና መዝገቡን ከአይጥና ከዝናብ ጠብቁልን። ጠፍቶ ወይም ተቃጥሎ ከሆነም ያንኑ ጻፉ፤ የሚያውቁ ምስክሮች ስማቸውን ጽፈው ይፈርሙ።

ወደ ቀኑ እንመለስ። ከሶዶ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባለጉዳዩ ፓስፖርቱን እንዲቀበልለት የአጎቱን ልጅ ይልካል፤ ፖስታው በዘመድ ቤት ሁለት ሳምንት ይቀመጣል። ቀኑ ግን ተወካዩ ፖስታውን ከተቀበለበት ጀምሮ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ተቀባዩ ወዲያው ከፍቶ ሁሉንም ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ይላክ፤ ፖስታው ላይ የተቀበለበትን ቀን ይጻፍ። ኢሜይል ከሆነ አይሰረዝ። የይግባኙ ጽሑፍ ረጅም መሆን የለበትም። ስም እንደ ፓስፖርቱ፣ የውሳኔው ቁጥር፣ የደረሰበት ቀን፣ ውሳኔው የሚነቀፍበት ምክንያት፣ ምን እንዲደረግ እንደሚጠየቅ፣ ፊርማ። ሌላ ሰው የሚያቀርብለት ከሆነ ውክልና ያስፈልጋል፤ ውክልናውን በሰነዶች ማረጋገጫ ለማስመዝገብና ለማስተርጎም የሚወስደው ጊዜም ከዚያው ከተቈጠረው ቀን ላይ ይቀነሳል።

መልሱም ለተጠየቀው ይሁን። የሼንገኑ ደብዳቤ ምክንያቶች የተደረደሩበት ቅጽ ነው፤ በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ምልክት ይደረጋል። ምልክቱ «ከቪዛው ጊዜ በፊት ለመመለስ ያለው ፈቃድ አጠራጣሪ ነው» በሚለው ላይ ሆኖ ሳለ 20 ገጽ የባንክ ማስረጃ የሚልኩ አይተናል። ለዚህ የሚመልሰው የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የሥራ ውል፣ እዚህ የቀሩት ልጆች ናቸው። አጥቢያው መመስከር የሚችለው በሚያውቀው ላይ ነው፤ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ልደት፣ ስለ አገልግሎት። ስለ ሰውየው ገንዘብ ወይም «በእርግጥ ይመለሳል» ብሎ መማል የእኛ አይደለም።

አሁን የሚከብደውን እንናገር። «አባ፣ ልጄ ዲያቆን ነው ብለው ይጻፉልኝ፤ ቀኑንም ወደ ኋላ ያድርጉልኝ» ብላ የምታለቅስ እናት ፊት መቆም ቀላል አይደለም፤ ብዙዎቻችን በርኅራኄ ጽፈናል። ነገር ግን ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ በካናዳ ለ5 ዓመት፣ በእንግሊዝ ለ10 ዓመት ያስከለክላል፤ በአሜሪካ ደግሞ ልዩ ምሕረት ካልተገኘ ዕድሜ ልክ ነው። ይግባኝ ሊሰማለት የሚችል የነበረው ልጅ በእኛ ወረቀት ምክንያት ይግባኝም አዲስ ማመልከቻም ያጣል። በዚያ ማኅተም የተጻፈ የሌላው ምእመን እውነተኛ ደብዳቤም ከዚያ በኋላ በጥርጣሬ ይታያል። እናቲቱን «አልጽፍም» ብሎ ብቻ መመለስ ግን ጭካኔ ነው። ደብዳቤውን አብረናት እናንብብ፤ ይግባኝ ካለው ቀኑን እንቁጠርላት፤ ከሌለው የለውም እንበላት፤ ለደላላው ልትከፍል ያሰበችውን ብር እንድትይዝ።

የኮሚሽናችን ድርሻ መጠነኛ ነው። ጠበቃ አይደለንም፤ ጠበቃ ሆነን አንቀርብም። ባዘጋጀነው ባለ አንድ ገጽ ቅጽ ላይ የመዝገብ ቁጥር፣ ሁለቱ ቀኖች በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሁለቱ ስሞች፣ የጸሓፊውና የአስተዳዳሪው ፊርማ ይሞላሉ። ስሌቱን ጸሓፊው ይሠራል፣ ሌላ ሰው ደግሞ ያረጋግጣል፤ እኛ ብቻችንን ሠርተን ምን እንደ ደረሰ ነግረናችኋል። እያንዳንዱ አጥቢያም የወጪ ደብዳቤዎችን ቅጂ እንዲያስቀምጥ እንጠይቃለን፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከኤምባሲ ስልክ ተደውሎ «ይህን እናንተ ጻፋችሁ?» ቢባል መልስ እንዲኖረው።

የቀረው ሰዓት ለጥያቄ ነው። ከምእመናን ተቀብላችሁ የመጣችሁት የክልከላ ደብዳቤ ካለ አሁኑኑ አውጡት፤ ከምክንያቱ በፊት የተጻፈበትንና የደረሰበትን ቀን እንይ። ቀኑ የቀረበውን እናስቀድማለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።